ስምዎ በክኔሴት ተጠራ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ መለሰ፣ ጎንደር።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያምዎት ጉልበት በዚህ በበጋ ረገብ አለልዎት ወይ? ከሐኪም ቤት የተሰጠዎትን መነጽር ያደርጉታል ወይስ «ሽማግሌ አስመሰለኝ» ብለው ትራስ ሥር አኑረውታል? የመንበረና የኤሊያብ እናት እማማ ሐረጊቱስ እንዴት ናቸው? ግቢው፣ ጎረቤቱ፣ በአጥሩ ጥግ ያለው የኮክ ዛፍ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ልጅዎ አምባቸው፣ ባለቤቴ ዴቦራ፣ ልጆቼ ሮተምና ያሪን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የሚያመን ነገር የለም። አሽዶድ በዚህ ወር ዝናብና ነፋስ ነው፤ ባሕሩ ሲያጓራ ቤታችን ድረስ ይሰማል።

መንበረ እኅቴ፣ ይህን ለአባባ የምታነቢላቸው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እባክሽ ቀስ ብለሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። የአገኘሁሽ ስም ሲነሣ «ተይው፣ ዝለዪው» ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ።

አባቴ፣ ይህን በስልክ ልነግርዎት ሞክሬ ነበር። ገና «አገኘሁሽ» ስል ስልኩ ወደ መንበረ ይዞራል፤ እርስዎ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ስለዚህ ጎረቤቴ አሸር ለእናቱ ተዝካር ወደ ጎንደር ሲሄድ በእሱ እጅ ላክሁልዎት። ወረቀት እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎትና ልገላገል፤ አፌ ውስጥ መያዝ አቅቶኛል። ልጅዎ አገኘሁሽ የክኔሴት አባል ሆነች! ክኔሴት ማለት የዚህ አገር፣ የእስራኤል፣ ሕግ የሚወጣበት ምክር ቤት ነው፤ ኢየሩሳሌም ከተማ ነው ያለው። የእኛይቱ አገኘሁሽ፣ ዶሮ በካርቶን ስታሽግ የኖረችው፣ ሚኒስትሮቹ ከሚቀመጡበት አዳራሽ ገብታ ተቀመጠች። በዓይኔ ባላየው ኖሮ እኔም አላምንም ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ እግሬ መሬት አልረገጠም፤ መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ሁሉ ሰላም እያለኝ ነው፤ ዳቦ ሻጩ እንኳ «የእሷ ወንድም አንተ ነህ?» ብሎ ጨበጠኝ።

እንደተቆጡባት አውቃለሁ። ለምን እንደተቆጡም አውቃለሁ። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብለው ያሳደጉን አንቱ ነዎት። ታናሽ ወንድምዎ፣ አጎታችን ቢያድግልኝ፣ በዚያ በክፉ ዘመን ለፋብሪካ ጓደኞቹ ስለ ተናገረ ከቤቱ ተወስዶ እንደ ወጣ ቀረ። አያታችን ይመጣል እያሉ በሩን ሳይቀረቅሩ ሲያድሩ እኛም አይተናል። እርስዎም እሳቸውን ትቼ አልሄድም ብለው፣ እናታችን ካረፈች በኋላ እኔንና አገኘሁሽን ከእናታችን ዘመዶች ጋር ወደዚህ ሰድደው እዚያው ቀሩ። ስለዚህ «አገኘሁሽ የሠራተኛ ማኅበር ገባች» ሲባሉ ደምዎ ቢፈላ አይደንቀኝም። ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ ሰምተውት አያውቁም፤ እሷም ለመናገር ዕድል አላገኘች። ዛሬ እኔ ከሥሩ ልንገርዎት።

ከአሽዶድ ዳር አድ ሃሎም የሚባል የመጋዘንና የፋብሪካ ሰፈር አለ፤ የባቡሩም ጣቢያ እዚያው ነው። አገኘሁሽ ሥራ የጀመረችው እዚያ፣ የቀዘቀዘ ዶሮና አትክልት ከሚከማችበት ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው። እዚህ አገር ሐምሌ ዝናብ አይደለም፣ እሳት ነው። ውጭው እንዲያ ሲነድ መጋዘኑ ውስጥ ግን ሲተነፍሱ አፍ የሚያጨስ ብርድ ነው። ለሠራተኞቹ ወፍራም ካፖርት ይሰጣል፤ ግን ለሁሉም አይበቃም ነበር። አንዱ ተረኛ በላብ አርጥቦ ያወለቀውን የሚቀጥለው ተረኛ ሳይደርቅ ይለብሰዋል። እርጥብ ካፖርት ለብሶ በረዶ ቤት መግባት ምን እንደሆነ እስቲ ያስቡት።

ከአገኘሁሽ አጠገብ ቆማ የምታሽግ ጋሊያ የምትባል ከሩሲያ የመጣች አሮጊት ነበረች። ሁልጊዜ ታስላለች። አገኘሁሽ የመጋዘኑ ኃላፊ ዩቫል ዘንድ ሄዳ ካፖርት እንዲጨመር ጠየቀችው። «በሚቀጥለው ወር» አላት። በሚቀጥለውም ወር ሄደች፤ «በሚቀጥለው ወር» አላት። በመካከሉ ጋሊያ ሳንባዋን ታመመችና ሐኪም ቤት ተኛች። በማግሥቱ ጠዋት አገኘሁሽ ካፖርቷን በእጇ ይዛ ከበሩ ቆመችና ለሴቶቹ «ዛሬስ እንልበሰው ወይስ እንመልሰው?» አለቻቸው። ኢትዮጵያዊቷም፣ ሩሲያዊቷም፣ ሞሮኳዊቷም እየተከታተሉ ካፖርታቸውን ከዩቫል ቢሮ በር ላይ ከመሩት። ክምሩ እንደ ጭድ ክምር አደገና በሩን ደፈነው። ለካ ዩቫል ውስጥ ኖሯል! ቢገፋ በሩ እምቢ አለው። በመስኮት ብቅ ብሎ «ምንድን ነው ይኼ?» ቢላቸው፣ አገኘሁሽ «የሚቀጥለው ወር ደረሰ» አለችው። ሴቶቹ በሥራ ላይ እንደዚያን ቀን ስቀው አያውቁም። ሳምንት ሳይሞላ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አዲስ ካፖርት መጣ፤ ጋሊያም ድና ስትመለስ ስሟ የተጻፈበት ተሰቅሎ ጠበቃት።

ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ለቫዓዱ መረጧት። ቫዓድ የሚሉት ሠራተኛው ራሱ የሚመርጠው፣ ከአሠሪው ጋር የሚነጋገርለት ኮሚቴ ነው። ዩቫልም ብልህ ሰው ነውና አንድ ቀን ጠርቶ «አገኘሁሽ፣ አንቺን ኃላፊ ላደርግሽ አስቤአለሁ፤ የራስሽ ጠረጴዛ፣ የራስሽ ማሞቂያ ይኖርሻል» አላት። እሷም «ማሞቂያውን ሴቶቹ ከሚያርፉበት ክፍል አስገባውና እኔን እዚያው ተወኝ» አለችው። ይህን ስትነግረኝ እኔ እንኳ ተናድጄ «ምን ነካሽ? ጠረጴዛ ማን ይጠላል?» ብያታለሁ። እሷ ግን ሳቀች።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። መጋዘኑን አዲስ ባለቤቶች ገዙትና ነባሮቹን ሠራተኞች አሰናብተው ሰውን በደላላ ሊያሠሩ ተነሡ። እዚህ ቃብላን የሚሉት አለ፤ ሠራተኛ አምጥቶ የሚያከራይ ነው። በእሱ በኩል የገባ ሰው ዛሬ ይሠራል፣ ነገ የት እንደሚጣል አያውቅም። ቫዓዱ ለመነ፣ ተነጋገረ፣ አልሆነም። ሥራ ማቆም ተጠራ፤ በእብራይስጥ ሽቪታ ይሉታል። ሴቶቹ ከመጋዘኑ በር ላይ በፀሐይ ተቀመጡ።

እኔ፣ እንደሚያውቁት፣ ከባድ መኪና ነጂ ነኝ፤ ከወደቡ ጭኜ ለየመጋዘኑ አራግፋለሁ። ሽቪታው በተጀመረ ሰሞን አንድ ጠዋት የጫንሁት ዕቃ ለዚያው መጋዘን ነበር። ሳልነግራት ሄድሁ፤ ምን እንደማደርግ ለራሴም አላወቅሁም። ከበሩ ስደርስ አገኘሁሽ ብቻዋን ከመንገዱ መካከል ቆማለች። ያ ሁሉ መኪና ከፊቷ እየመጣ ቅንጣት ፈቀቅ አላለችም። ፍሬኑን ያዝሁ። ወደ መስኮቴ መጣችና፣ አባቴ፣ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? «ወንድሜ» አላለችኝም። «ሾፌር፣ እዚህ ሥራ ቆሟል፤ እባክህን ተመለስ» አለችኝ፤ እንደማታውቀኝ። በዚያው ቅጽበት የእኔ አለቃ በስልክ «ግባ፤ ካልገባህ ነገ እንዳትመጣ» ይለኛል። ልጆቼ ታዩኝ፤ የቤት ኪራዩ ታየኝ። እሷ አትለምነኝም፣ አትቆጣኝም፤ ቆማ ታየኛለች።

ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትሁና ወረድሁ።

ከኋላዬ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩንባቸውን ለቀቁት። ማላኪ የሚባል ሽበታም ሾፌር እየጮኸ መጣና «አንተ ኢትዮጵያዊ፣ በፀሐይ ልትጠብሰን ነው?» አለኝ። ሽቪታ መሆኑን ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። ሴቶቹን አየና «እኔ የወደብ ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ይረግመኛል» ብሎ እሱም መኪናውን አጠፋ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። ማላኪ ጥቂት ቆይቶ በክንዱ ታቅፎ ሐብሐብ ይዞ ተመለሰና በካራው እየቆረጠ ለሴቶቹ ያድል ጀመር። አባቴ፣ እንዲያ ያለ ሐብሐብ በልቼ አላውቅም!

ማታ ቤቷ ሄጄ «እንዴት እንደ ባዕድ ሾፌር ትይኛለሽ?» አልኋት። «በወንድምነት ለምኜህ ብትቆምልኝ፣ ከኋላህ ያሉትን በምን እለምናቸው ነበር?» አለችኝ። አለቃዬም አባረረኝ፤ ሾፌሮቹ ግን «አምባቸው ካልነዳ አንነዳም» ብለው ወደ ሥራዬ አስመለሱኝ። መጋዘኑም በመጨረሻ ተሸነፈ። ሴቶቹ በቋሚነት ተፈራረሙ፤ ያ ዩቫል ራሱ ከበሩ ድረስ መጥቶ እጇን ጨበጣት።

ከዚያ ወዲያ አገኘሁሽን ቤቷ ማግኘት ቀረ። የሠራተኛው ማኅበር የመላው አካባቢ ተወካይ አድርጎ ወሰዳት፤ ዛሬ ከሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ጋር፣ ነገ ከአውቶቡስ ነጂዎች ጋር። እብራይስጧ ዛሬም ጎንደር ጎንደር ይሸታል፤ ሲስቁባት አብራ ትስቅና ነገሯን ትቀጥላለች። ባሏ ዮኤል ሾርባ መሥራት ተማረ፤ መጀመሪያ የሠራውን ግን ድመትም አልቀመሰችው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ ፓርቲ ለምርጫ ከኛ ጋር ተወዳደሪ አላት። ልታማክረኝ መጣች። እኔም እውነቱን ልንገርዎት፣ «አባባ ይሞቱብሻል» አልኋት። እሷም «አባባ የሚፈሩት እንደ አጎቴ ብቻዬን እንዳልቀር ነው። እኔ እኮ ብቻዬን ቆሜ አላውቅም» አለች። ይኸው እርስዎም ሲሰሙ ስልኩን አዞሩባት። ያን ቀን ያለቀሰችውን እኔ ነኝ የማውቀው።

ምርጫው ደረሰ፤ አልገባችም። እዚህ ሕዝቡ የሚመርጠው ፓርቲውን ነው፤ ወንበሩ በፓርቲው የስም ዝርዝር ተራ ይታደላል። የእሷ ስም ከታች ስለ ነበር ፓርቲው ያገኘው ወንበር እሷ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ጎረቤቱ ሊያጽናናት ሲመጣ እሷ ቦርሳዋን አንግባ ወደ ሥራ ስትወጣ በደረጃው ላይ ተገናኙ። እኔም «እንግዲህ አበቃ» ብዬ፣ አይዋሽም፣ ለእርስዎ ስል ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ግን ከአባላቱ አንዱ ለሌላ ሥራ ብሎ ወንበሩን ለቀቀ፤ ቀጥሎ ያለው ስም የእሷ ሆነ! ዓርብ ቀን ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈራችን፣ እኛ ቤት፣ ለሰንበት ዴቦራን ልታግዝ መጥታ ከሰገነቱ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ስልኳ ከውስጥ ሲጮህ ልጄ ሮተም አነሣችውና «ዶዳ፣ ከክኔሴት ነው የሚሉት!» ብላ ጮኸች። ዶዳ አክስት ማለት ነው። አገኘሁሽ የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደ ያዘች «ዝናብ ሳይመጣ ይህን ልጨርስና እደውላለሁ በያቸው» አለች። ቀልድ መስሏት ነው! ሮተም እየሮጠች ስልኩን ከጆሮዋ ለጠፈችላት። እኔ ከውስጥ ሳያት አንሶላው ከእጇ አምልጦ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። ዴቦራ ድስቷን ጥላ እልል አለች፤ ከላይም ከታችም ያሉ ጎረቤቶች ሰርግ መስሏቸው በራቸውን ከፈቱ። አንሶላውንም ከታች ያለችው ጎረቤት አጥባ መለሰችልን።

ቃል የምትገባበት ቀን ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። ጋሊያ፣ ማላኪ፣ የመጋዘኑ ሴቶች፣ እኛም ቤተሰቡ በአንድ አውቶቡስ ተጭነን ኢየሩሳሌም ገባን። እንግዶች ከላይ ከመስታወት ኋላ ይቀመጣሉ፤ ማጨብጨብ ክልክል ነው ብለው አስጠነቀቁን። አገኘሁሽ ከታች ነጭ ጥበቧን ለብሳ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ትንሽ ሆና ትታያለች። ሰብሳቢው ተነሥቶ ስሟን ጠራ።

አባቴ፣ እዚህ ላይ መንበረ ቀስ ብላ ታንብብልዎት። እዚህ አገር ሰው በራሱ ስምና በቤተሰቡ ስም ነው የሚጠራው። ሰብሳቢው «አገኘሁሽ» ለማለት ሁለቴ ተሰነካከለ፤ ምላሱ እምቢ አለው። «መለሰ» ሲል ግን ጥርት ብሎ ወጣ! የእርስዎ ስም፣ በዚያ ጉልላት ሥር፣ በድምፅ ማጉያ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዓይኔን እንባ ሞልቶት ቃል ስትገባ እንኳ አላየኋትም፤ ድምፅዋን ብቻ ሰማሁ። ዴቦራ ክልከላውን ረስታ እልልታዋን ለቀቀችው። ዘበኛው ሮጦ መጣና «ግቬሬት፣ እዚህ ዝም ነው» አላት፤ ወይዘሮ ማለቱ ነው። ማላኪም «ተዋት፣ ልጅ ወልደን ነው» አለው። ዘበኛው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይተነዋል።

ከጥቂት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ንግግሯን አደረገች፤ በቴሌቪዥን ሁላችንም ተሰብስበን አየናት። ስለ ቀዝቃዛው መጋዘን ተናገረች፤ በቃብላን ስለሚሠሩት ተናገረች፤ ጎንደር ውስጥ ወደ እስራኤል ለመግባት ተራቸውን እየጠበቁ ስለሚያረጁ አባቶችና እናቶች ተናገረች። ከዚያ ወረቀቷን ዘጋችና እንዲህ አለች፦ «ቢያድግልኝ የሚባል አጎት ነበረኝ። ለሥራ ጓደኞቹ ስለ ተናገረ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። እናቱ በሩን ክፍት አድርጋ ስትጠብቀው ሞተች። እኔ ዛሬ እዚህ ቆሜ የፈለግሁትን ተናገርሁ፤ ማታ በአውቶቡስ ቤቴ እገባለሁ፤ እራትም እበላለሁ። ማንም የተናገረ ሰው ቤቱ ገብቶ እራቱን እንዲበላ ነው የመጣሁት።» እኔ እርስዎን አሰብሁ። የወንድምዎን ስም በቤታችን ውስጥ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምንጠራው፤ እሷ በአገር ፊት ጠራችው።

በዚያች ማታም እንዳለችው በአውቶቡስ ገባች። እኔ ከፌርማታው ቆሜ ጠበቅኋት። የዮኤል ሾርባ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሁለት ሳሕን በላች።

አሁን ደብዳቤውን የጻፍሁበትን ጉዳይ ልንገርዎት። ከፋሲካ በኋላ የክኔሴት ሰዎች ተራ የሚጠብቁትን ለማየት ወደ ጎንደር ይመጣሉ፤ አገኘሁሽም አብራቸው ናት። ሰው ሁሉ «ልጅዎ ባለሥልጣን ሆነች፣ አሁን በአንድ ቀን ትወስድዎታለች» እንደሚልዎት አውቃለሁ። እኔም ጠይቄያት ነበር። «ጉዳዩ ለሁሉም እንዲታይ እጮኻለሁ፤ የአባባን ብቻ ነጥዬ ባስቀድም ሌላው አባት ዓይኔን እንዴት ያየዋል?» አለችኝ። እንዳይከፋዎት። ያሳደጉን አንቱ ነዎት፤ ከውኃ ወረፋ ላይ ሰው ቀድሜ ብቀዳ እንስራዬን ይሰብሩብኝ የነበረው ማን ሆነና!

ሥራዋ ሲያበቃ ያለ አጃቢ፣ ብቻዋን፣ ወደ ቤት ልትመጣ አስባለች። ግን ትፈራለች። ከዚያ ሁሉ መኪና ፊት ያልፈራች ሴት የአባቷን ደጅ ትፈራለች። ትናንት «ባይቀበሉኝስ?» ስትለኝ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆነ። እኔ ስለ እርስዎ ቃል መስጠት አልቻልሁም፤ ስለዚህ ብዕር አነሣሁ። አባቴ፣ ጉልበትዎን ይዤ እለምንዎታለሁ፤ ፍርሃትዎን ቁጣ አያድርጉባት።

እማማ ሐረጊቱን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ፤ ዴቦራ ስካርፍ ልካላቸዋለች፣ አሸር ይሰጣቸዋል። ኤሊያብ ወንድሜ፣ በጋራዡ ሥራ በርታ፤ ለመኪና የሚሆን መፍቻ ልኬልሃለሁ። መንበረ፣ ተማሪዎችሽ እንዴት ናቸው? ጉሮሮሽን አደከምሁት፣ ይቅር በይኝ። ጎረቤቶቻችንን፣ በተለይ አያታችንን በሕመማቸው ያስታመሙልንን ሁሉ፣ በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። ያሪን «ሳባ ከኮኩ ዛፍ ያስቀምጥልኝ» ብሏል፤ ሳባ አያት ማለት ነው፤ እርስዎን ነው።

አገኘሁሽ ይህን እንደምጽፍልዎት ታውቃለች። ምን ልጨምርልሽ ብላት አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ «ይቅር ባይሉኝም ግድ የለም፤ ብቻ ይቆጡኝ፤ ድምፃቸውን ልስማው።»

አክባሪ ልጅዎ
አምባቸው መለሰ

አሽዶድ፣ ሮቫ ሔት
የካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.